ማሽኑ ተበላሽቷል በያት

“ማሽኑ ተበላሽቷል በያት” አለኝ አጎቴ ዲኒ፣ በጆሮዬ። የቲሸርት ማተሚያው ማሽን ከጀርባዬ ሆኖ ያለምንም ችግር እየሠራ ነው። እንደውም የዚያን ቀን ሱቃችን ውስጥ ጤነኛው እሱ ብቻ ነበር ብል አልተሳሳትኩም። ዲኒ ይቺን አንሾካሹኮ መጋረጃውን ገለጠና ወደ ኋላ ሄደ፤ ሽንት ቤት ገብቶ ከውስጥ ሲቀረቅር ሰማሁት። አጎቴ ትልቅ ሰው ነው፣ ራሰ በራ ነው፣ የንባብ መነጽር ሁሉ አለው። ግን የማይፈልገው ሰው ሲመጣበት ሽንት ቤት ይገባል። የግብር ሰዎች ሲመጡ ይገባል። የቀድሞ ሚስቱ ስትመጣ ይገባል። አንዴ ደግሞ የገዛው ቲሸርት ከታጠበ በኋላ ለድመቱ ልክ የሆነለት ጀርመናዊ መጥቶ፣ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ እስኪሄድ ድረስ ዲኒ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ጨርሷል። አሁንም ገባ። እኔ ባንኮኒው ጀርባ ቀረሁ፤ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ቆመው ያዩኛል።

ቆይ፣ ከጠዋቱ ልጀምርላችሁ። እንዲህ ከመሀል ስገባ ዲኒ ክፉ ሰው ሊመስላችሁ ነው። ክፉ እንኳን አይደለም። ላንገር ነው። ላንገር ማለት በኛ በአየርላንዷ ኮርክ ጅል፣ ገልቱ፣ የሚያወራውን የማያውቅ ማለት ነው። ሌላም ትርጉም አለው፤ እሱ ወንዶች ሱሪ ውስጥ ስላለ ነገር ስለሆነ ይቅርብኝ፣ አያቴ ናን ብትሰማ ትገለኛለች። የሱቃችን ስም ራሱ “ላንገር እና ልጅ” ነው። ዲኒ ልጅ የለውም፤ ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ሱቁ ኖርዝ ሜይን ስትሪት ላይ፣ በውርርድ ቤትና በድንች ጥብስ ቤት መሀል ተሰንቅሯል። ቲሸርቶቹ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ኮምጣጤ ይሸታሉ። የምንሸጠው ቃል ነው፤ እውነቴን ነው፣ ሌላ ነገር የለንም። የከተማችንን ቃል ቲሸርት ላይ በሃያ ሁለት ዩሮ፣ ኩባያ ላይ በአስራ ሁለት፣ የወጥ ቤት ፎጣ ላይ በአስራ አራት። እናቴ ቤት ውስጥ “አፍሽን ታጠቢ!” የምትልባቸው ቃላት እዚህ በፌስታል ተጠቅልለው አሜሪካ ይሄዳሉ። ኮቭ ወደብ ላይ ትልቅ መርከብ የቆመ ቀን ያው ቱሪስቱ ይጎርፋል፤ ነጭ ጫማና አጭር ሱሪ የለበሱ አሮጊቶች ደረታቸው ላይ “ላንገር” ተለጥፎባቸው እየሳቁ ይወጣሉ። ማንም የሚነግራቸው የለም። እኔማ ለምን ብዬ፣ እስከ መስከረም ድረስ ሥራው ያስፈልገኛል።

እና ጠዋት ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የአዲሱ ፎጣ ናሙና መጣ። ዲኒ ለዚህ ፎጣ ክረምቱን ሙሉ ሲያበስል ነው የከረመው። ቃላቱ ከነትርጉማቸው፣ ከነመጡበት አገር፣ በአረንጓዴ ቀለም። የሚያጠናው ደግሞ ቤተ መጻሕፍት እንዳይመስላችሁ፤ ቢራ ቤት ነው። ላንገር የሚለው፣ ድሮ ሕንድ አገር የዘመቱ የኛ ወታደሮች ላንጉር የሚባል ጦጣ አይተው ያመጡት ነው ይላል። ይሄን እንኳን ብዙ ሰው ይለዋል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ውሸት ነው ይላል፣ እርግጡን የሚያውቅ የለም። ሆንትድ፤ ይሄ ሌላው ሰው ዘንድ ጋኔን የሰፈረበት ማለት ሲሆን እኛ ዘንድ እድለኛ ማለት ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የኮርክ ሰው ጋኔን ሲያገኝም ደስ ይለዋል መሰለኝ። ከዚያ ፊን አለ። ፊን ማለት ወንድ፣ ሰውዬ ማለት ነው፤ ቢዮር ደግሞ ሴት፣ ቆንጆ ልጅ። እኛ ከአፋችን አይጠፋም። “ያ ፊን ማነው?” “ያቺን ቢዮር እያት!” ዲኒ ፎጣው ላይ ፊንን “ቫይኪንጎች ያመጡት” ብሎ ጽፎታል። “ለምን ቫይኪንግ?” ስለው “ቫይኪንግ ይሸጣል” አለኝ። ቢዮርን “ከፈረንሳይ” አለው፤ ፈረንሳይ ለሴት ይሄዳል ብሎ ነው።

ከሁሉም ታች፣ በትልቁ፣ በአበባ ተከብቦ፦ “ሚስሊ። እንሂድ ማለት ነው። እናቴ ጁልያ በኩሽናዋ የፈጠረችው ቃል፤ በዓለም ላይ ሌላ ቤት አይገኝም።” ከጎኑ የናን ስዕል፣ ሽርጥ አስታጥቆ ያሳላት። ናን ሽርጥ አስራ አታውቅም።

ሚስሊ የቤታችን ቃል ነው። ቤታችን ውስጥ ማንም “እንሂድ” ብሎ አያውቅም። ከሰርግ ስንወጣ ሚስሊ፣ ከቀብር ስንወጣ ሚስሊ፣ ቅዳሴው ሲረዝም ናን ክንዴን ቆንጠጥ አርጋ ሚስሊ። ትምህርት ቤት የገባሁ ሰሞን መምህሯን “ሚስሊ” ብያት “ምንድን ነው እሱ?” ስትለኝ ነው ሌላ ሰው እንደማያውቀው ያወቅኩት። ዲኒም ሱቁን ሲዘጋ ቁልፉን እያንቀጫቀለ “ሚስሊ!” ይላል፤ ያለዚያ የተዘጋ አይመስለውም።

ናን ቅዳሜ ቅዳሜ ከመጋረጃው ኋላ ቁጭ ብላ ቲሸርት ታጥፍልናለች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ታኖራዋን፣ ያንን ብርቱካናማ ለስላሳ፣ በስትሮው እየሳበች ታጥፋለች፤ እጇ ከኔ ይፈጥናል። ዲኒ ፎጣውን እንደ ባንዲራ ዘርግቶ አምጥቶ ጭኗ ላይ አደረገላት። መነጽሯን አርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የሚያስቅ ነገር አላየችም መሰለኝ።

“ሚስሊን አውጣው” አለች።

“እንዴ እማ! ያንቺ እኮ ነው! ክብር ነው!”

“አውጣው አልኩህ ዴኒስ።” ዴኒስ ስትለው ነገር አለ ማለት ነው።

“ምክንያቱን ንገሪኛ።”

ያጠፈችውን ቲሸርት ፈታችና እንደገና አጠፈችው። ቆይታ ደግሞ “ፊን የቫይኪንግ ነው?” አለች፣ ቀና ሳትል።

“ይታወቃል እማ።”

“ማን ያውቃል?”

“ሁሉም!”

ናን “ህም” ብላ ስትሮዋን ነከሰች። ዲኒ ወደኔ ዞሮ ትከሻውን ነቀነቀ፣ “እርጅና ነው” በሚል ዓይነት። ሰኞ ዕለት ለአታሚው እሺ እንደሚለው፣ ከታተመ በኋላ ደግሞ እሷም እንደምትኮራበት በሹክሹክታ ነገረኝ። እኔ ምን አገባኝ። ናን ስለራሷ ሲወራ ሁሌም እንዲህ ናት። ከኬሪ ገጠር እንደመጣች፣ አባቷ እርሻ እንደነበረው እናውቃለን፤ በቃ። እርሻው ግን ትንሽ ያስቸግራል። አንዳንዴ ላም ነበረው፣ አንዳንዴ በግ፤ አንዳንዴ ከባሕር አጠገብ፣ አንዳንዴ ተራራ ላይ። ሻንደን ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ያለው አራት ፊት ያለው ሰዓት እንኳን፣ ያ በየፊቱ የተለያየ ሰዓት የሚያሳየው ውሸታም፣ ከናን እርሻ የተሻለ ይስማማል። እናቴ አንድ ቀን “እንሂድና እንየው” ስትላት ናን ሦስት ቀን አላናገረቻትም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ኬሪ የሚባል ነገር ሲነሳ ሁሉም ሰው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል።

አሁን ወደ ሴቶቹ። ረፋዱ ላይ ነው። ዊኒ የምትባል ልጅ በስልክ ያዘዘችውን እያተምኩ ነበር፤ ስድስት ሮዝ ቲሸርት፣ ሁሉም ላይ ትልቅ “ቢዮር” የሚል፣ አንዱ ላይ ከስር “ሙሽራዋ” የሚጨመርበት። ማታ ከሴት ጓደኞቿ ጋር፣ ከሰርጓ በፊት የሚደረገው የስንብት ድግስ አላት። አምስቱን ጨርሼ ሳጥን ውስጥ ከባንኮኒው ስር አስቀምጫለሁ። የሙሽራዋን ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ ክዳኑን እንደተጫንኩ በሩ ተከፈተና ሁለቱ ገቡ። አንዷ የኔ እኩያ፣ ሌላዋ ትንሽ ከፍ የምትል፤ ፀጉራቸው ተሠርቶ፣ ጥፍራቸው ተሠርቶ፣ ሽቷቸው የኮምጣጤውን ሽታ ባንዴ ያባረረው።

“ስድስት ቢዮር፣ በዊኒ ስም” አለች ትልቋ እየሳቀች።

ዲኒ ባንኮኒው ላይ ነበር። ፈገግ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ አነጋገሯን ሰማ፤ ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ። “ሙሉ ስምሽ?” አላት። ለቲሸርት ሙሉ ስም ጠይቆ አያውቅም። “ዊኒ ሼሪዳን” አለች። በቃ። ትራቭለሮች ናቸው። ድሮ በጋሪና በድንኳን እየዞሩ ቆርቆሮ የሚሠሩ፣ ፈረስ የሚነግዱ የነበሩት፤ አሁን አብዛኞቹ እንደኛው ቤት አላቸው፣ ግን ስማቸውን ሲናገሩ የከተማው በር ሁሉ ጠበብ ይልባቸዋል። ዲኒ በጆሮዬ ያለኝን አለኝና ወደ ሽንት ቤቱ። እዚህ ጋ ነበር ያቆምነው።

“ምንድን ነው ያለሽ?” አለችኝ ዊኒ።

“ማሽኑ... ተበላሽቷል” አልኩ። ፊቴ እንደ ቲሸርቱ ሆነ።

እናም ማሽኑ፣ እግዜር ይይለት፣ “ጲጵ” አለ። ሲጨርስ እንዲህ ነው የሚለው። ክዳኑን ካላነሱለት ዝም አይልም፤ ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ። ካልተነሳለት ደግሞ ጨርቁን ያቃጥለዋል። ካነሳሁት ሥራው ያለቀ ቲሸርት ከነስሟ ወጣ ማለት ነው። ካላነሳሁት የሙሽራዋ ቲሸርት ሊጠበስ ነው። እኔ ደግሞ በሁለቱ መሀል እንደ ግንድ ተገትሬያለሁ።

ዊኒ ማሽኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ የተወዛወዘውን መጋረጃ አየችው። ገባት። ይሄ ነገር አዲስ እንዳልሆነባት በምታይበት ዓይን ያስታውቃል። “ለተበላሸ ጥሩ ይዘፍናል” አለች።

“ሲበላሽ... ነው እንደዚህ የሚለው።”

“አይ ምስኪን!” ወደ እህቷ ዞረች። “ሮዝ፣ ይሄ ለዛሬ ሁለተኛው ነው አይደል? ጠዋት የምግብ ቤቱ ምድጃ ተበላሸ። ጠረጴዛ ከያዝን ወር አልፎን ነበር፤ ስማችንን ሲሰማ ምድጃው ሞተ። ባለፈው ደግሞ የፀጉር ቤቱ ውሃ ተበላሸ። እኛ በገባንበት ሁሉ ዕቃ ይበላሻል። እንደው መንግሥት መርምሮን ቢያየን ጥሩ ነው፣ ጦርነት ሲነሳ ታንክ ላይ ይልኩናል።” ሮዝ አልሳቀችም። ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ ጣሪያውን ታያለች፤ እንባ ወደታች እንዳይወርድ ሲፈለግ እንደሚደረገው። ዊኒ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቲሸርቶች በጣቷ አሳየችኝ፣ ፊን፣ ቢዮር፣ ፊን፣ ቢዮር። “ቃሉ የኛ ነው፣ ታውቂያለሽ? ከአያቶቻችን አፍ ወስዳችሁ ሃያ ሁለት ዩሮ ለጠፋችሁበት። እሺ፣ እንግዛው አልን። የራሳችንን ቃል ልንገዛ መጣን። ለሱም ማሽኑ ተበላሸ!”

ጲጵ ይላል ማሽኑ። ትንሽ ትንሽ መሽተት ጀምሯል።

“ተዪው” አለች ዊኒ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያወጣች። “ሚስሊ፣ ሮዝ።”

እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ የሰማሁት የገባኝ ከመጋረጃው ኋላ የማጠፉ ድምፅ ሲቆም ነው። ሹ፣ ሹ፣ ሹ የሚለው ጠዋቱን ሙሉ አልተቋረጠም ነበር።

“ምን አልሽ?” አልኳት።

“ምን አገባሽ?”

“አይ በናትሽ፣ ሚስሊ አልሽ? ከየት አመጣሽው? እሱ... እሱ የናን ቃል ነው። ናን ናት የፈጠረችው፣ ኩሽና ውስጥ።”

ሮዝ እንኳን ዞር አለች። ዊኒ የማፌዝባት መስሏት መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ፤ ከዚያ እውነቴን መሆኑን ስታይ ሳቋ አመለጣት። “ናንሽ ሚስሊን ፈጠረቻት? ጨረቃንስ ማን ሠራት፣ አክስትሽ? አንቺ ልጅ፣ ሚስሊ የትራቭለር ቃል ነው። እናቴ ትለዋለች፣ አያቴ ትለው ነበር፣ የሷም አያት ፈረስ ስትጭን ትለው ነበር። ፊንና ቢዮርን እሺ ሰረቃችሁ፣ ከተማው ሁሉ ይላቸዋል። ሚስሊን ግን ከኛ ሰው ሌላ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እናንተ ከየት አመጣችሁት?”

የመጋረጃው ቀለበቶች ተንሿሹ። ናን ናት። ምርኩዟን ይዛ፣ ማንንም ሳታይ፣ በቀጥታ ማሽኑ ጋ ሄዳ ክዳኑን አነሳችው። ጭሱ ሽው አለ። ቲሸርቱን በሁለት ጣቷ ይዛ አወጣችው፤ ከስር በኩል ዳሩ ላይ ቡናማ ሆኗል፣ ጽሑፉ ግን ደህና ነው። እሱን እንደያዘች ለዊኒ አንድ ነገር አለቻት። በምን ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ፈጣን፣ ድምጿ ራሱ ሌላ፤ ወፍራም ሆነ፣ ወጣት ሆነ። ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ የማውቃት ይመስል ደነገጥኩ፤ እኔ ራሴ አስራ ስምንቴ ነው።

ዊኒ ቦርሳዋን ቀስ ብላ አወረደችው። በዚያው ቋንቋ ትንሽ መለሰችላት። ከዚያ ለኔ አዝነው ይሁን እንጃ ወደኛው ንግግር ተመለሱ።

“የማን ልጅ ነሽ?” አለች ናን።

“የሚክ ሼሪዳን ነኝ፣ እማማ። የባለፈረሱ።”

“አያትሽስ?”

“ኬት ይሏት ነበር።”

“ቀይዋ ኬት? ፊት ለፊት ጥርስ ያልነበራት?”

“አዎ! ያወቋት ነበር እንዴ?”

“ጥርሷን ማን የሰበረው ይመስልሻል?” አለች ናን። “በባልዲ ነው። ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ባልዲው አባቴ የሠራው ነው፤ ጥርሷ ወለቀ፣ ባልዲው ግን ምንም አልሆነ። የአጎቴ ልጅ ናት።”

ያኔ ከኋላ፣ ከሽንት ቤት፣ የዲኒ ድምፅ መጣ። አየር ማስወጫው እዚያ ውስጥ ስለሚያጓራ የተባለውን አልሰማም። “ክሊዮና!” አለ። እኔ ነኝ። “ክሊዮናዬ፣ ሄዱ?”

“አልሄድንም” አለች ናን።

“እማ? እነሱን ነው እኮ የምለው።”

“እኔም እነሱን ነው የምልህ። አልሄድንም።”

መቀርቀሪያው ተንኳኳ። እሱ ደግሞ አመል አለው፤ ከውስጥ ሲዘጋ ይዘጋል፣ ሲከፈት ግን ከውጭ በሩን ወደ ላይ ከፍ የሚያደርግለት ሰው ይፈልጋል። እኔ ልሄድ ስል ናን በምርኩዟ ከለከለችኝ። መጋረጃውን እስከ ጥግ ገፋችው። ዱካዋን ጎትታ ከሽንት ቤቱ በር ፊት አስቀመጠችና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደኛ። ስድሳ ዓመት ዝም ያለ ሰው ሊናገር ሲል እንዴት እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ጉሮሮዋን እንኳን አልጠረገችም።

“ዴኒስ” አለች፣ “ኬሪ ውስጥ እርሻ የለንም።”

ውስጥ የመጸዳጃው ክዳን ገጭ አለ።

“ላሞቹስ?” አለ በሩ።

“ላሞችም የሉም።”

“በጎቹ...”

“ዴኒስ!”

ከዚያ ነገረችው። አባቷ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር፤ በጋሪ ከማሎው እስከ ባንደን ሲዞሩ ነው ያደገችው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ የሆነውን አያቴን አገባች። አማቷ ገና በር ላይ ሳለች “ከኬሪ ነኝ በይ፣ ሁለተኛም የወገኖችሽ እግር ይሄን ደፍ አይርገጥ” አለቻት። እሺ አለች። አንዴ እሺ ካለች በኋላ መቼ እምቢ እንደሚባል ጠፋባት። እናቷ ስትሞት ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆማ ነው ያየችው፤ ለእናቴና ለዲኒ ገበያ ነበርኩ ብላለች። ቋንቋውን ሁሉ ውጣ አስቀረችው። ሚስሊ ብቻ አመለጣት፤ ዲኒ ሕፃን ሆኖ መንገድ ዳር ቆሞ አልሄድም ሲላት፣ ሳታስበው። “ቤት ስገባ እስኪነጋ አልተኛሁም፣ አባትህ ይሰማል ብዬ። አባትህ ደግሞ ወደደው፣ ‘የጁልያ ቃል’ አለው። የጁልያ ሆኖ ቀረ።” ምርኩዟን አሻሸች። “አሁን በአበባ ከበህ ፎጣ ላይ ልትለጥፈው ነው። ሰው በሱ ሳህን ሊያደርቅበት! እሱም ይሁን። ግን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብለህ? እነሱን ከበር እየመለስክ?”

ሮዝ ጥግ ላይ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች ነበር፤ የዓይኗ ቀለም ሁሉ ጉንጯ ላይ ነው። እኔም ብሆን የባንኮኒው ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ዋጋ እየላጥኩ ነበር። ናን ተነስታ በሩን በትከሻዋ ከፍ አደረገችው፤ ተከፈተ። ዲኒ መጸዳጃው ክዳን ላይ ቁጭ ብሏል። ጋዜጣውም እጁ ላይ የለም።

“ናና ለኬት የልጅ ልጅ ዕቃዋን ስጣት” አለችው።

መጣ። ሳጥኑን ከስር አወጣ፣ ስድስተኛውን አጠፈው፣ ሳይችልበት። ዊኒን ማየት አልቻለም። “ይሄ... ማሽኑ...” ብሎ ጀመረ።

“ታሞ ነበር፣ ተሻለው” አለች ዊኒ።

“በነፃ ውሰዱት። ሁሉንም። ለሰርግሽ።”

“በነፃ አልፈልግም” አለች። ሳቁ ከፊቷ ጠፋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣዋን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። “በነፃማ ለለማኝም ይሰጣል። ለነዚያ አሮጊት ቱሪስቶች እንደምትሸጠው ሽጥልኝ። ዋጋ ንገረኝ፣ ልክፈልህ፣ ደረሰኝ ስጠኝ፣ ‘መልካም ቀን’ በለኝ።”

ዲኒ ዋጋውን ነገራት። ከፈለች። ደረሰኝ ቆረጠላት፤ ወረቀቱ ሁለቴ ተቀደደበት። “መልካም ቀን” አላት፣ መሬት መሬት እያየ። “እየኝና በለው” አለችው። አያትና አለው። ይቅርታ ግን አላደረገችለትም፤ እንዳይመስላችሁ። ይቅርታስ መች ተጠየቀችና። ለናን ብቻ ዞራ እጇን ያዘቻት፦ “ማታ እናቴ ቤት ነን፣ ምድጃው ያልተበላሸው እዚያ ብቻ ነው። ልውሰድዎት? እናቴ ስለ ጥርሱ ስትሰማ ያደገች ናት፤ ዛሬ ባለባልዲዋን በዓይኗ ታያለች።”

“ምን ለብሼ?” አለች ናን።

ያኔ ነው እኔ ሰባተኛውን ያተምኩት። ዲኒ አልከለከለኝም። ማሽኑ ጲጵ ሲል ሦስታችንም ደነገጥን።

እነ ዊኒ በመዝጊያ ሰዓት መኪና ይዘው ሊመለሱ ሄደው ነበር። ሁለት ጣሊያኖች ገብተው ኩባያ ገዙና “ፊን ምን ማለት ነው?” አሉ። ዲኒ አፉን ከፈተ፣ ናን አየችው፣ “ወንድ ማለት ነው” አለና አቆመ። ቫይኪንጎቹን አልጠራም። ጣሊያኖቹ ሲወጡ የናሙናውን ፎጣ አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ብዙ ቆይቶ፣ ጀርባውን ለናን ሰጥቶ፣ ያልተዛባውን ኩባያ ሁሉ እያስተካከለ፦ “ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?” አላት።

“አንተ? አንተማ ላንገር ነህ።”

“እማ፣ የምሬን ነው የምጠይቅሽ።”

“የምሬን ነው የምነግርህ። እሱ ግን ከኔ አይደለም” አለች፣ ታኖራዋን እስከ ታች እየሳበች። “ከአባትህ ወገን ነው።”

በዚህ እንኳን የላንገር ምንጭ ታወቀ፤ ፎጣው ላይ የሚጻፍ ከሆነ እሱ ይጻፍ።

መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ መብራቱን አጠፋሁ። ናን ሹራቧ ላይ ሮዝ ቲሸርቷን ደርባ፣ ደረቷ ላይ “ቢዮር” ብሎ፣ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። የነ ዊኒ መኪና ማዶ ቆሞ ጡሩምባ አሰማ። ዲኒ በሩ ላይ ቁልፉን ይዞ ቆመ፣ እንደ ሁልጊዜው አንቀጫቀለው፣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ደጁን አየ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ የውርርድ ቤቱ ሰዎች ደጅ ላይ ያጨሳሉ፣ የድንች ጥብሱ ሰልፍ እስከኛ በር ደርሷል፣ ሁሉም ያውቁታል።

“እሺ እማ፣ እንሂድ” አለ።

ናን ንቅንቅ አላለችም። “አልሰማሁም።”

“እንሂድ አልኩሽ።”

“ጆሮዬ ደክሟል። ምን አልክ?”

ወደ መንገዱ አየ። ወደኔ አየ፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን። “ሚስሊ” አለ፣ በሹክሹክታ፣ ልክ ለኔ ጠዋት በጆሮዬ እንደነገረኝ።

“ጮክ በልና፣ እነዚያም ይስሙህ።”

“ሚስሊ!” ብሎ ጮኸ። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ከውርርድ ቤቱ አንዱ ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ “ምን አልክ አንተ ዲኒ?” አለው። ዲኒ እስከ ራሰ በራው ቀላ፤ ሽንት ቤቱ ከኋላው ክፍት ነበር፣ አልገባም። “እናቴን ነው የጠራሁት” አለ። “በቋንቋችን።”

ናን ምርኩዟን አንስታ ወጣች።